ውኃ አፈርን እንዴት እንደሚወስድና በምን እንደሚገታ

ልጆች ሆይ፥ በሐምሌ ወር ዝናብ ዘንቦ ካባራ በኋላ ወደ ወንዝ ብትወርዱ የውኃው መልክ እንደ በጋው እንዳልሆነ ታያላችሁ። በበጋ ጠጠሩ እስኪቈጠር ድረስ የጠራው ውኃ በክረምት ደፍርሶ፥ ቀይ ወይም ጥቍር ሆኖ፥ እያጓራ ይወርዳል። ይህን መልክ የሰጠው ምንድር ነው ቢሉ አፈር ነው። ያም አፈር ሁሉ ከወንዙ ውስጥ የተገኘ አይምሰላችሁ፤ ብዙው ከእርሻ፥ ከግጦሽ፥ ከመንገድ ዳር፥ ከየሰዉም ደጅ ታጥቦ የመጣ ነው። ገበሬ በሬ ጠምዶ ያረሰው፥ ፍግ ያፈሰሰበት፥ አረም የነቀለበት አፈር ሳይሸጥና ሳይለወጥ በአንድ ቀን ዝናብ ይሄዳል። ሌባ የነዳውን ከብት ዱካውን ተከትሎ ማስመለስ ይቻላል፤ ጐርፍ የነዳውን አፈር ግን ዱካውን ብታገኙትም ልትመልሱት አትችሉም። ስለዚህ ሳይሄድ እንዴት እንደሚያዝ መማር ይገባል፤ ለመያዝም አስቀድሞ አካሄዱን ማወቅ ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው አፈርን የሚያነሣው ጐርፍ ብቻ ይመስለዋል። ሥራው የሚጀመረው ግን ጐርፍ ከመነሣቱ በፊት ነው። ከሰማይ የሚወርደው ጠብታ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ትልልቁ ጠብታ በአንድ ሴኮንድ 8 ወይም 9 ሜትር ያህል እየሄደ ይወድቃል፤ ይህም የፈጣን ሯጭ ፍጥነት ነው። በባዶ መሬት ላይ በወደቀ ጊዜ እንደ ትንሽ መዶሻ ጓሉን ይሰብረዋል፥ ደቃቁንም አፈር ወደ ላይና ወደ ጐን ይረጨዋል። ይህን በዐይናችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ኖራ የተቀባ ግድግዳ ከዝናብ በኋላ ከታች በኩል እስከ ጕልበት ድረስ በጭቃ ተረጭቶ ይገኛል፤ ያን ጭቃ ማንም ሰው አልወረወረውም፥ ጠብታው ነው የወረወረው። ደግሞ በተራቈተ ቦታ ጐንበስ ብላችሁ ብትመለከቱ ጠጠሮች እያንዳንዳቸው በትንሽ የአፈር ምሰሶ ላይ ተቀምጠው ታገኛላችሁ። በጠጠሩ ዙሪያ ያለው አፈር በጠብታ ተመትቶ ሄደ፤ ከጠጠሩ በታች ያለው ግን ጣራ ስለ ነበረው ቀረ። እንግዲህ አፈር ከዝናብ የሚድነው በጣራ ነው ማለት ነው፤ የአፈር ጣራም ሣርና ቅጠል ነው።

ጠብታው የሰበረው ደቃቅ አፈር ሁሉ ወዲያው አይሄድም። ከፊሉ ወደ መሬት ቀዳዳዎች ገብቶ ይደፍናቸዋል፤ ፀሐይም ሲወጣ እንደ ቅርፊት ይደርቃል። ቀዳዳው የተደፈነ መሬት ውኃ አይጠጣም። ያልተጠጣውም ውኃ ወደ ቁልቁለቱ መሄድ ግድ ይሆንበታል፤ ጐርፍም የሚነሣው ከዚህ ነው። በዱር ውስጥ ግን ዝናብ ሲዘንብ አስተውላችኋልን? ከዛፍ በታች ያለው መሬት በብስባሽ ቅጠል የተሸፈነ፥ በሥርና በትል የተበሳ ስለ ሆነ የወረደውን ውኃ ብዙውን ይውጠዋል። ከዚያ የሚወጣው ምንጭም በበጋ አይነጥፍም።

መሄድ የጀመረ ውኃ ኀይሉ በፍጥነቱ ነው። በዝግታ የሚሄድ ውኃ የተሸከመውን እንኳ ያራግፋል፤ የሚሮጥ ውኃ ግን ያገኘውን ይነሣል። ፍጥነቱ እጥፍ የሆነ ውኃ፥ አስቀድሞ ያንከባልል ከነበረው ድንጋይ 64 ጊዜ የሚከብደውን ሊያንከባልል እንደሚችል የውኃን ነገር የመረመሩ ሊቃውንት አስልተዋል። ፍጥነት እጥፍ ቢሆን ኀይልም እጥፍ ብቻ የሚሆን ይመስለን ነበር፤ ነገሩ ግን እንደዚህ አይደለም። ቁልቁለቱ በበረታ፥ ውኃውም ሳይቋረጥ የሚሮጥበት ርቀት በረዘመ ቍጥር ጕዳቱ ይበዛል። ከዚህ በታች ስለ መከላከያው የምትማሩት ሁሉ በዚህ ነገር ላይ የቆመ ነው፤ ይኸውም ውኃውን ከመሮጥ ወደ መራመድ መመለስ ነው።

አፈር በሦስት መንገድ ይሄዳል። መጀመሪያው ከማሳው ሁሉ እንደ ስስ ሽፋን የሚገፈፈው ነው። ይህ ለዐይን ስለማይታይ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የሚሄደው ደግሞ የላይኛው፥ ብስባሽ ያለበትና ለሰብል ምግብ የሚሆነው ክፍል ነው። ሁለተኛው ውኃ ተሰብስቦ የጣት ወይም የእጅ ወርድ ያላቸው ትናንሽ ቦዮች ሲያወጣ ነው። እነዚህን ገበሬው በሚቀጥለው እርሻ ስለሚያስተካክላቸው ቍስሉ የዳነ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የሄደው ሄዷል። ሦስተኛው ቦረቦር ነው፤ እርሱን ማረሻ አያስተካክለውም። ሽማግሎች አንዳንድ ጊዜ «ይህ ማሳ ድንጋይ አበቀለ» ሲሉ ትሰማላችሁ። ድንጋይ አይበቅልም፤ በላዩ የነበረው አፈር ስለ ሄደ ከታች የነበረው ድንጋይ ታየ እንጂ። ሥሩ ከመሬት በላይ ተንጠልጥሎ የቆመ ዛፍ ብታገኙም፥ ሥሩ ወደ ላይ ወጣ አትበሉ፤ መሬቱ ወደ ታች ወረደ በሉ።

አሁን ጥቂት ሒሳብ እንቍጠር። በኢትዮጵያ ደጋዎች የአፈርን መታጠብ ለመለካት በአውሮጳ ቍጥር ከ1981 ዓመት ጀምሮ በወሎ፥ በሸዋ፥ በጐጃምና በሌላም አገር ጣቢያዎች ተቋቁመው ነበር። በዚያ ከተለካው ተነሥተው ሊቃውንት እንደ ገመቱት፥ ከሚታረስ መሬት ከአንድ ሄክታር በዓመት በአማካይ 42 ቶን ያህል አፈር ይታጠባል። አንድ ሄክታር ማለት ወርዱም ርዝመቱም 100 ሜትር የሆነ መሬት ነው። 42 ቶንም 420 ኵንታል ነው። ከዚያው ማሳ የሚታፈሰው ጤፍ 20 ኵንታል ቢሞላ ገበሬው ደስ ይለዋል። ግማሽ ኵንታል የምትጫን አህያ ብናስብ ያን አፈር ለመሸከም 840 አህዮች ያስፈልጋሉ። ሆኖም አፈሩ በማሳው ሁሉ ላይ ተዘርግቶ ቢለካ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ የገብስ ቅንጣት ውፍረት ያህል ነው። ስለዚህ ነው ሰው ሳያየው የሚሄደው። እንዲህ እየሆነ ቢቀጥል 20 ሳንቲ ሜትር ወይም አንድ ስንዝር ያህል ጥልቀት ያለው አፈር ከ50 እስከ 60 ዓመት ባለው ጊዜ ያልቃል፤ አባት ያረሰውን ማሳ የልጅ ልጅ ድንጋይ ሆኖ ያገኘዋል። ዓለቱ ፈርሶ አንዲት ሳንቲ ሜትር አዲስ አፈር ለመሆን ግን መቶ ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል።

የእኛ ደጋ ከሌላው አገር ይልቅ ለዚህ የተጋለጠ መሆኑን መረዳት አስቸጋሪ አይደለም። አገሩ ተራራማ ነው፤ ዝናቡም አብዛኛው በሦስት ወር ውስጥ በኀይል ይወርዳል። የጤፍ ፍሬ ደግሞ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ ማሳው ደጋግሞ ይታረሳል፥ ጓሉ ሁሉ ይደቃል፤ በአንዳንድ አገርም ከብት ነድተው ያስረግጡታል። ከዚያ በኋላ በሐምሌ ይዘራል። እንግዲህ ዝናቡ በበረታበት ወር ማሳው ልብስ እንደሌለው ሰው ዕርቃኑን ሆኖ ይቀበለዋል። ይህን ማለታችን ጤፍን ለመንቀፍ አይደለም፤ እንጀራ የማይወድ ማን ነው? ነገር ግን ጤፍ የሚዘራ ሰው ከሌላው ይልቅ ማሳውን መጠበቅ አለበት። ደግሞ ዛፍ ባለቀበት አገር ፍጉ ኩበት ሆኖ ይነዳል። ፍግ ያጣ አፈር ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው አይያያዙም፤ እንደ ዱቄት ይሆንና ጠብታው በቀላሉ ያፈርሰዋል። ይህን የምታነድደውን እናት መውቀስ ግን ግፍ ነው፤ እንጨት ብታገኝ ኩበት ባላነደደች ነበር።

የታጠበው አፈር ወዴት ይሄዳል? ከፊሉ ከተራራው እግር ይቀራል፤ የቀረው በጅረት ወደ ወንዝ፥ ከወንዝ ወደ ትልቅ ወንዝ ይደርሳል። ዓባይ በየዓመቱ ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ አፈር ከኢትዮጵያ ይዞ ይወርድ እንደ ነበር ይገመታል። በግብጽ አገር ይህ ደለል ብዙ ሺሕ ዓመት እርሻቸውን ሲያዳብር ኖረ፤ የአስዋን ትልቁ ግድብ በ1970 ከተፈጸመ ወዲህ ግን ከግድቡ በስተኋላ ባለው ሐይቅ ይቀራል። በሱዳንም የሮዛሪስ ግድብ በ1966 ተሠርቶ ጥቂት አሥርት ዓመታት ባለፉ ጊዜ የውኃ ማጠራቀሚያው ሲሶ ያህል በደለል ተሞላ። አሁን ደግሞ ነገሩ ወደ እኛ ቤት ቀርቧል። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በ2025 ተመርቋል፤ ከጐጃምና ከወሎ፥ ከሸዋና ከወለጋ ታጥቦ በዓባይ የሚወርደው አፈር ብዙው የሚሰፍረው በዚሁ ግድብ ሐይቅ ውስጥ ነው። ቀድሞ «አፈራችን ወደ ሰው አገር ሄደ» እንል ነበር። ከእንግዲህ ግን ከማሳችን የሄደው አፈር የራሳችንን መብራት የሚያበራውን ሐይቅ ይሞላል።

የሁለት ጐረቤቶችን ምሳሌ እንናገር። አንዱ ሽማግሌ ነው፤ ማሳው ከላይ በኩል ነው። ሁለተኛው ጐልማሳ ነው፤ ማሳው ከታች ነው። በመካከላቸው ድንበር አለ። ሽማግሌው ውኃ በእርሻው ላይ እንዳይተኛ ብሎ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ያለ ፈሰስ አወጣ፤ የፈሰሱንም አፍ ወደ ድንበሩ አዞረው። ክረምቱ በገባ ጊዜ ውኃው ሁሉ ተሰብስቦ በዚያ ፈሰስ እየሮጠ በጐልማሳው ማሳ ላይ ወረደ፤ ስንዴውንም ጠራርጎ ወሰደው፥ ቦረቦርም አወጣበት።

ጐልማሳውም ሄዶ «አያ፥ ውኃዎን ወደ እኔ ለቀቁብኝ እኮ። ልጆቼ ምን ይብሉ?» አለ።

ሽማግሌውም «ልጄ፥ ውኃ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። እኔ አላዘዝሁትም። ከድንበሬ ካለፈ በኋላ የእኔ አይደለም» ብሎ መለሰለት።

ነገሩ ወደ ሽማግሎች ቀረበ። ሽማግሎቹም ከዋርካ በታች ተቀምጠው የሁለቱን ቃል ሰሙ። ብዙዎቹ ለተቀማው ስንዴ ካሣ ይከፈል ይሉ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ግን «መሬቱን ሳናይ አንፈርድም» አለና ሁሉም ተነሥተው ወደ ቦረቦሩ ወረዱ። በዚያ ከብት የሚጠብቅ ልጅ አገኙና «ይህ ቦረቦር አምና እስከ ወዴት ነበረ?» ብለው ጠየቁት።

ልጁም በበትሩ እያመለከተ «አባቶቼ፥ አምና ራሱ ከዚያች የግራር ጕቶ በታች ነበረ። በሰኔ ጕቶዋን ገለበጣት። አሁን ይኸው እዚህ ነው» አላቸው።

ሽማግሎቹም ከጕቶዋ እስከ ቦረቦሩ ራስ በክንድ ሰፈሩት፤ 18 ክንድ ሆነ። ከቦረቦሩ ራስ እስከ ድንበሩም ሰፈሩ፤ 15 ክንድ ብቻ ቀርቶ ነበር። የላይኛው ማሳ ባለቤት ይህን ባየ ጊዜ ዝም አለ።

ስለ ምን ዝም አለ ቢሉ፥ ቦረቦር የሚያድገው ወደ ላይ መሆኑን ስላስተዋለ ነው። ልጆች ሆይ፥ ይህን ነገር አጥብቃችሁ ያዙት፤ ብዙ ትልልቅ ሰዎችም አያውቁትምና። ውኃው ወደ ታች ይወርዳል፤ ቦረቦሩ ግን ወደ ላይ ይበላል። በቦረቦሩ ራስ ላይ ውኃው እንደ ትንሽ ፏፏቴ ይዘልላል፤ በዘለለም ጊዜ ከሥሩ ያለውን አፈር ይቦረቡረዋል። ሥሩ ባዶ የሆነው ዳር ተንዶ ይወድቃል፤ ፏፏቴውም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሳል። እንዲህ እያለ በየክረምቱ ወደ መጣበት ይሄዳል። መረሬ በሆነ መሬት ይህ ይብሳል፤ መረሬ በበጋ ስለሚሰነጣጠቅ ውኃው በስንጥቁ ገብቶ ከውስጥ ያፈርሰዋል። እንግዲህ ሽማግሌው ወደ ጐረቤቱ የሰደደው ውኃ በሚቀጥለው ክረምት ቦረቦር ሆኖ ወደ ራሱ ማሳ ሊገባ ቀርቦ ነበር።

ሽማግሎቹም ለስንዴው ካሣ ከቈረጡ በኋላ ሌላ ፍርድ ጨመሩ። ሁለቱ ሰዎች ከነቤተ ሰቦቻቸው በበጋ አብረው እንዲሠሩ፥ ሥራውም ከላይ እንዲጀመር አዘዙ። የታችኛው «ጕዳቱ የደረሰው በእኔ ነው፤ ለምን ከእኔ ማሳ አይጀመርም?» ብሎ ተከራከረ። ነገር ግን ከላይ የሚመጣው ውኃ ሳይገታ ከታች የሚሠራ ካብ አንድ ክረምት አያድርም። ጣራው የሚያፈስስ ቤት ወለሉን ቢጠርጉት ምን ይጠቅማል?

ሥራውም እንደዚህ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ፥ ገንዘብም ብዙ ድካምም የማይጠይቀው፥ አግድም ማረስ ነው። ትልሙ ከላይ ወደ ታች ከሆነ እያንዳንዱ ትልም የጐርፍ መንገድ ይሆናል። ትልሙ ቁልቁለቱን ካቋረጠ ግን እያንዳንዱ ትንሽ ግድብ ነው፤ ውኃውም በየትልሙ ቆሞ መሬቱን ያጠጣል። ገበሬዎቻችን አንድ ጊዜ በአግድም አንድ ጊዜ በቁም እያመሳቀሉ ማረስ ልማዳቸው ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ የመጨረሻው፥ የዘሩ እርሻ፥ በአግድም ይሁን። ከዚህ ጋር በማሳው መካከል አንድ ሜትር ያህል ወርድ ያለው ሣር በአግድም ሳይታረስ ቢቀር፥ ውኃው በሣሩ ውስጥ ሲያልፍ ይዘገያል፥ የያዘውንም አፈር ያራግፋል። ሣሩም ለከብት ይታጨዳል።

ሁለተኛው እርከን ነው። እርከን ማለት ቁልቁለቱን እያቋረጠ በድንጋይ ወይም በአፈር የሚሠራ ካብ ነው። እርከን ቀጥ ያለ ሳይሆን የተራራውን ወገብ ተከትሎ አንድ ከፍታ ይዞ መሄድ ይገባዋል፤ አንዱ ቦታ ዝቅ ካለ ውኃው ሁሉ ወደዚያ ይሰበሰብና ያፈርሰዋል። ከፍታውን በዐይን መገመት ያታልላል። ስለዚህ እናንተም ልትሠሩት የምትችሉት አንድ መሣሪያ አለ። እኩል የሆኑ ሁለት ረጃጅም እንጨቶች ውሰዱና ከላይ እሰሩአቸው፤ እግራቸውንም ክፈቱት፤ «ለ» የሚባለውን ፊደል ይመስላል። በመካከሉ አንድ እንጨት በአግድም እሰሩበት። ከላይኛው ራስ ላይ ጠጠር የታሰረበት ክር አንጠልጥሉ። አሁን ሁለቱን እግሮች በሁለት ቦታ አቁሙና ክሩ በአግድሙ እንጨት ላይ የነካበትን ስፍራ አንድ ምልክት አድርጉ። ደግሞም እግሮቹን አለዋውጡና በዚያው ሁለት ቦታ አቁማችሁ ሌላ ምልክት አድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል፥ እኩል ላይ፥ ሦስተኛ ምልክት ቍረጡ። ከዚህ በኋላ ክሩ በዚያ በመካከለኛው ምልክት ላይ ባረፈ ጊዜ ሁሉ ሁለቱ እግሮች በአንድ ከፍታ ቆመዋል ማለት ነው። መሣሪያውን እንደ ሰው እግር እያራመዳችሁ በየእርምጃው ችካል ብትተክሉ የእርከኑ መንገድ ይወጣላችኋል። ነፋስ በሚነፍስበት ቀን ግን አትሞክሩት፤ ክሩ አይረጋም።

እርከኑ በተሠራ ጊዜ መሠረቱ ተቈፍሮ ትልልቁ ድንጋይ ከታች ይቀመጣል፤ ካቡም ወደ ተራራው ጥቂት ዘመም ይላል። ቁልቁለቱ በበረታ መጠን እርከኖቹ ይቀራረባሉ። ከዓመት ወደ ዓመት አፈሩ ከካቡ በላይ እየተጠራቀመ መሬቱ ይደላደላል፤ ያን ጊዜ ካቡን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ዝናብ በሚያንስበት ቆላ እርከኑ ፍጹም አንድ ከፍታ ቢይዝ ውኃውን ሁሉ ያስቀራል፥ መልካም ነው። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ግን ውኃው መውጫ ካላገኘ ሰብሉን ያበሰብሳል፥ ካቡንም ጥሶ ይሄዳል። በዚያ እርከኑ በ100 ሜትር ርቀት አንድ ሜትር ያህል ብቻ ዝቅ እያለ ውኃውን በዝግታ ሣር ወደ ለበሰ ሰፊ መውረጃ ያደርሰዋል። ያ መውረጃ በሁለቱ ጐረቤቶች ድንበር ላይ ቢሆን የሁለቱም ነው፤ አንዱ ብቻ ሊጠብቀው አይችልም።

ይህ ሥራ ሊሆን የማይችል የሚመስለው ሰው ቢኖር ወደ ኮንሶ ሄዶ ይመልከት። በደቡብ ኢትዮጵያ፥ ድንጋያማና ደረቅ በሆነ ተራራ ላይ፥ የኮንሶ ሰዎች ከ400 ዓመት በላይ፥ ይኸውም 21 ትውልድ ያህል፥ እርከን እየሠሩ ኖረዋል። የካቡ ከፍታ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። በእርከኑ ላይ ማሽላ ይዘራሉ፥ ሽፈራው የሚባለውንም ዛፍ ይተክላሉ። ይህን አገር ዩኔስኮ የተባለው የዓለም ድርጅት በ2011 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በትግራይ ደግሞ በውቅሮ አጠገብ አብርሃ ወአጽብሃ የሚባል መንደር አለ። በዚያ የሚኖሩ ሰዎች የተራቈተውን ተራራ ከከብት ከለከሉት፤ እርከንና ክትር ሠሩ፤ ሣሩና ዛፉ ተመለሰ፤ ወደ መሬት የሰረገው ውኃም ምንጭና የጕድጓድ ውኃ ሆነላቸው። በ2012 የኢኳተር ሽልማት የሚባለውን ተቀበሉ።

ዳሩ ግን እርከን ሁሉ አልጸናም። ከ1970ዎቹ የድርቅና የረኃብ ዘመን ጀምሮ በብዙ አውራጃ ለሠራተኛው እህል እየተሰጠ ብዙ እርከን ተሠርቶ ነበር። በ1991 መንግሥት ሲለወጥ ግን ገበሬው በብዙ ስፍራ ራሱ አፈረሰው። ይህን ስንፍና ነው ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ምክንያቱን መጠየቅ ግን ይሻላል። ካቡ ከጠባብ ማሳው ላይ መሬት ወሰደበት፤ በካቡ ውስጥ አይጥ ተራብቶ እህሉን በላበት፤ እርከኖቹ ስለ ተቀራረቡ በሬዎቹን ማዞር አልቻለም፤ በአንዳንዱም ማሳ ውኃ ተኛበት። ከሁሉ በላይ ግን ወዴት ይሠራ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። በገዛ ማሳው ላይ እንደ ባዕድ የተቈጠረ ሰው ያን ካብ እንደ ራሱ ሊጠብቀው አይችልም። የኮንሶ ካብ የጸናው ድንጋዩ ከሌላው ድንጋይ ስለ ተሻለ አይደለም፤ የካቡት የማሳው ባለቤቶች፥ የሚጠግኑትም ልጆቻቸው ስለ ሆኑ ነው።

የወጣውን ቦረቦር ለመዝጋት መጀመሪያ በራሱ ላይ የሚወርደውን ውኃ በቦይ ወደ ሌላ፥ ሣር ወደ ለበሰ መንገድ ማዞር ይገባል። ከዚያ በኋላ በቦረቦሩ ውስጥ ከላይ ወደ ታች በየርቀቱ የድንጋይ ወይም የእንጨት ክትር ይሠራል። የክትሩ መካከል ከዳሩ ዝቅ ይበል፤ ባይሆን ግን ውኃው ዳሩን ቦርቡሮ በጐን ያልፋል። ከክትሩ በላይ ደለል በሞላ ጊዜ ሣርና ቍጥቋጦ ይተከልበታል። ከብት ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት እንዳይገባበት ማጠር ያስፈልጋል፤ ይህ ከሥራው ሁሉ ከባዱ ነው፥ በሬው የሚያልፍበትን መንገድ መዝጋት ከጐረቤት ጋር ያጣላልና። ሁለቱ ጐረቤቶች ግን ሣሩን እያጨዱ እኩል ሊካፈሉ ተስማሙ፤ ከብቱም ሳይገባ ቀረ።

ይህን ትምህርት ለመፈተን ሁለት አሮጌ የቆርቆሮ ዕቃዎች አምጡ። በአንዱ ባዶ አፈር፥ በሌላው ሣሩ ከነሥሩ የተቈረጠ አፈር ሙሉበት። ሁለቱንም ተዳፋት አድርጋችሁ አስቀምጡና በተበሳ ጣሳ እኩል ውኃ አዝንሙባቸው። ከእያንዳንዱ የሚወርደውን ውኃ በብርጭቆ ተቀበሉና ጐን ለጐን አቁማችሁ ተመልከቱት። በማግሥቱ አፈሩ ሲዘቅጥ በየብርጭቆው ሥር የቀረውን በጣታችሁ ለኩት።

በመንደራችሁ አጠገብ ቦረቦር ካለ ደግሞ በግንቦት መጨረሻ፥ ዝናብ ሳይጠና፥ ከታላላቆቻችሁ ጋር ሄዳችሁ ከራሱ ወደ ላይ በየክንዱ አንድ አንድ ችካል ትከሉ፤ ዳሩ ይናዳልና ወደ ጫፉ አትጠጉ። ስንት እንደ ተከላችሁና ቀኑን በደብተራችሁ ጻፉ። በመስከረም ተመልሳችሁ የቀሩትን ችካሎች ቍጠሩ፤ ከቦረቦሩ በላይ ላለው ማሳ ባለቤትም ቍጥሩን ንገሩት።